የስፖርት መኪናን ራዲያተር ከጠጠር ለመከላከል ላሜራ ይሻላል ወይስ ወንፊት?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የ2003 ሞዴል ፖርሽ ቦክስተር ከገዛሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየሳምንቱ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ስላለኝ በወር አንዴ ደግሞ ወደዚያ እወርዳለሁ። ባለፈው ወር ከአንድ ሲኖትራክ ኋላ እየነዳሁ ጠጠር የመኪናውን ፊት መታው። በማግስቱ ኤሲው ማቀዝቀዝ አቆመ። መካኒኩ ‹ራዲያተሩ ተበስቷል› አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ ፊቱን በላሜራ አሸፍነው ይለኛል። ሌላው የትንኝ ወንፊት ይበቃል ይላል። ለመሆኑ ሞተሩ ኋላ ሆኖ ራዲያተሩ ለምን ፊት ሆነ? ምን ባደርግ ይሻላል?»

መልስ፦ የተበሳብህ ራዲያተር አይመስለኝም። ኮንደንሰር ነው። ሁለቱ ተደጋግፈው ስለሚቆሙ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ራዲያተሩ የሞተሩን ውሃ ያቀዘቅዛል፤ ኮንደንሰሩ የኤሲውን ጋዝ። ያንተ መኪና ላይ ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ስለተገጠመ ጠጠር መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ራዲያተሩ ተበስቶ ቢሆን ኖሮ የሚጎድለው ውሃው ነበር። ውሃ እያፈሰሰ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር፣ ያውም በየሳምንቱ፣ አያደርስህም።

ከመክፈልህ በፊት አረጋግጥ። የእጅ ባትሪ ያዝና ተንበርክከህ በግራና በቀኝ ያሉትን የፓራውልቱን (የፊት መከላከያውን) የአየር ማስገቢያ አፎች ወደ ውስጥ እያቸው። ኮንደንሰር ሲበሳ ከጋዙ ጋር የኮምፕሬሰሩ ዘይት አብሮ ይወጣል፤ አቧራው እዚያች ቦታ ላይ ረጥቦና ጠቁሮ ይጣበቃል። ራዲያተር ሲበሳ ግን ኩላንቱ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ደርቆ ነጭ ወይም ባለቀለም ቅርፊት ይሠራል፣ ጣፋጭ ሽታም አለው። ያየኸው ቅባት ያለው ጥቁር ቦታ ከሆነ ጉዳትህ ኤሲው ላይ ነው፤ ሞተርህ ደህና ነው። መካኒኩ ራዲያተር ቀይሮ ቢያስከፍልህ ኤሲው እንደሞተ ይቀር ነበር።

ሞተሩ ከመቀመጫህ ጀርባ ሆኖ ራዲያተሩ ፊት የሆነው ንጹሕና ብርቱ ንፋስ ያለው ፊት ስለሆነ ነው። ውሃው በመኪናው ሆድ ሥር በሚያልፉ ረጃጅም ቱቦዎች ከኋላ ወደ ፊት ሄዶ ይመለሳል። ያንተ መኪና ሁለት ራዲያተር አለው፤ አንዱ በግራ ጥግ፣ አንዱ በቀኝ። ኤስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ መሃል ላይ ሦስተኛ ይጨምራል። ከእያንዳንዱ የጥግ ራዲያተር ፊት ኮንደንሰር አለ። ችግሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የፓራውልቱ አፎች ወንፊት የላቸውም። መኪናው ደግሞ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው። አፎቹ ከፊትህ ያለው ጎማ ጠጠር በሚረጭበት ከፍታ ላይ ተከፍተው ይሄዳሉ።

እኛ አገር ደግሞ የሚገባው ጠጠር ብቻ አይደለም። የእንዲህ ዓይነት መኪና ፓራውልት ፈትቼ በእጄ ያወጣሁትን ልንገርህ። ከላይ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ከሥሩ ጭድና እብቅ፣ ከአቧራ ጋር ተላቁጦ ምርጊት ሆኗል። መሃል ላይ የፌስታል ቁራጭ፣ ጥቂት ላባና የሞቱ ነፍሳት። ይህ ሁሉ የተከማቸው በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ነው፣ ከፊት ስታየው ምንም አይታይም። በጣቴ ስፈቀፍቀው ከታች በኩል ያሉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች አብረው እንደ አመድ ረገፉ። ያንን ራዲያተር ጠጠር አልነካውም። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ የተቀመጠው ቆሻሻ ነው የበላው። ስለዚህ ስለ ጠጠር ስትጨነቅ ቆሻሻውን እንዳትረሳ። በእኔ ልምድ ከጠጠር ይልቅ ብዙ ራዲያተር የጨረሰው ይኸው ዝምተኛ ምርጊት ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ምክር ልምጣ። ላሜራው ፈጽሞ አይሆንም። ጠጠሩን ያስቀራል፣ ነገር ግን አየሩንም ያስቀራል። ምናልባት በውርጭ ጠዋት የጭነት መኪና ሾፌሮች ካርቶን ወይም ሸራ ራዲያተር ፊት ሲሰቅሉ አይተህ ይሆናል። እነሱ የሚያደርጉት ቀዝቃዛ ሞተር ቶሎ እንዲሞቅላቸው ነው፣ ሲሞቅም ያነሱታል። ያንተ መኪና ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ ዕቃ) ስላለው ይህን ራሱ ይሠራዋል። በነገራችን ላይ መኪናው ሞቀ ብለህ ጋራዥ ስትሄድ «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» የሚልህ ካለ እሺ አትበል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደብረ ብርሃን ብርድ ትክክለኛ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል።

የትንኝ ወንፊቱ ከላሜራው የሚሻል ይመስላል፣ ግን ብዙም አይሻልም። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ አቧራና ነፍሳት በአንድ ጉዞ ይደፍኑታል። አንድ ሰው የትንኝ ወንፊት በሙጫ አጣብቆበት ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ ሲመጣ ደብረ ሲና ሳይደርስ መኪናው ፈልቶ ቆመ። መኪናውን ሳየው ወንፊቱ ጭቃ የተቀባ ጨርቅ መስሏል። በጣቴ ስጫነው እንኳ ብርሃን አላሳለፈም። ባለቤቱ ጠጠር ፈርቶ ነበር፣ የከፈለው ግን የቴስታታ ጉርኒሶን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ላስረዳህ፤ እኛ የምንነዳበት ቦታ ከሌላው ይለያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስትደርስ 3,000 ሜትርን አልፈሃል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ራዲያተር ሙቀት የሚያራግፈው በውስጡ በሚያልፈው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በዚያው የንፋስ ፍጥነት የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። ውሃም በከፍታ ቶሎ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እዚህ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። መኪናህ ውስጥ ያለው ውሃ በዚያ ሙቀት እንዳይፈላ የሚያደርገው የኩላንት ዕቃው ክዳን ይዞ የሚያቆየው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ወይም ጎማው ከደረቀ በጤነኛ ራዲያተርም ትፈላለህ። ክዳኑን ከወንፊቱ በፊት ቀይር። ርካሽ ነው።

ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከዚያ ተነስተህ ጣርማ በር ለመድረስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ደብረ ሲናን አልፈህ ጠመዝማዛው ላይ ከተጫነ መኪና ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ስትጎተት ሞተሩ ይለፋል፣ የፊት ንፋስ የለም፣ አየሩም እየሳሳ ነው። ያኔ የሚያድንህ ራዲያተሩ ጀርባ ያለው ቬንትሌተር (ማራገቢያ) ብቻ ነው። ፊቱ ላይ የምትሰቅለው ማናቸውም ነገር የሚፈተነው እዚህ ዳገት ላይ ነው። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሜዳ በሜዳ በ90 ስትነዳ ሁሉም ወንፊት ጥሩ ይመስላል።

እንግዲህ ትክክለኛው ወንፊት የቱ ነው? ቀላል ስሌት አለው። የቀዳዳውን ስፋት ለቀዳዳውና ለሽቦው ውፍረት ድምር አካፍል፣ ውጤቱን በራሱ አባዛ። የ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ብትወስድ 6 ለ7 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 73 በመቶ ክፍት ይሆናል። የ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በዚያው ሽቦ 83 በመቶ ገደማ ክፍት ነው። የ10ሩ ይተነፍሳል፣ ግን ሽምብራ የሚያህል ጠጠር ያሳልፋል። የ6ቱ ሽምብራንም ባቄላንም ያስቀራል፤ የሚያልፈው የምስር ፍሬ የምታህል ናት። ኮንደንሰር የሚበሳው በአብዛኛው ከሽምብራ ጀምሮ ባለው ጠጠር ስለሆነ የምመክርህ 6 ሚሊ ሜትሩን ነው። ከዚያ አታጥብበው። ቀለም ስትቀባውም ስስ አድርገህ ንፋው። ቀለሙ ሽቦውን በየጎኑ በ0.2 ሚሊ ሜትር ቢያወፍረው ክፍቱ ከ73 ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን አያስበውም።

ሽቦው ስቴንለስ ይሁን። የግንባታ ዕቃ ሱቅ ያለው የአሸዋ ወንፊት ስፋቱ ልክ ስለሚመስል ሊያጓጓህ ይችላል። ተራ ብረት ከሆነ ግን ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ይዝጋል፣ ዝገቱም እየረገፈ ራዲያተሩ ላይ ይወድቃል። ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ ማግኔቱ ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ስቴንለስ ነው ቢሉህም ተወው። የዶሮ ሽቦም አይሆንም። ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ሽቦውም ለስላሳ ስለሆነ ጠጠር ሲመታው ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል።

አገጣጠሙ ላይ ስህተት የሚበዛው ወንፊቱን ኮንደንሰሩ ላይ በማስደገፍ ነው። እንዲህ ካደረግክ ጠጠሩ ሲመታ ሽቦው ራሱ ቱቦውን ይወጋዋል። የኮንደንሰሩ ቱቦ ግድግዳ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያም በላይ ስቴንለስና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። ወንፊቱ መቀመጥ ያለበት ፓራውልቱ አፍ ላይ ነው፣ ከኮንደንሰሩ ቢያንስ ሦስት ጣት ርቆ። መጀመሪያ በካርቶን ልኩን ውሰድ። ከዚያ በየዙሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር አስረዝመህ ቁረጥና ጠርዙን እጠፍ። የታጠፈውን ጠርዝ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማ ጠቅልለው። ይህ ቀለሙን ከመፋቅ ያድናል፣ ሽቦው እንዳይንቀጫቀጭም ያደርጋል። ከዚያ በጥቁር የፕላስቲክ ፋሼታ እሰረው። በሙጫ አታጣብቀው፣ ፓራውልቱንም አትብሳ። ወንፊቱ በአምስት ደቂቃ የሚወልቅ መሆን አለበት፣ ካልወለቀ አታጸዳውም።

ፌስታል ግን ልብ በል። ወንፊት ከሌለ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ኮንደንሰሩ ላይ ይለጠፋል። ወንፊት ካለ ውጭ ላይ ይለጠፋል፣ ያው አንዱን አፍ ሙሉ ይዘጋል። ልዩነቱ ውጭ ያለውን ማየትና መንጠቅ መቻልህ ነው። ነዳጅ ልትቀዳ በቆምክ ቁጥር ጎንበስ ብለህ ሁለቱን አፎች እይ።

ወንፊቱ የማያስቀረውንም እወቅ። ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ አሸዋ ያልፋል፣ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹንም ቀስ በቀስ ያጎብጣል። ከሥር የሚመጣን ድንጋይ አያስቀርም። አስፋልቱ አልቆ ወደ ጠጠር መንገድ ስትገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ መኪናህ ዝቅ ያለ ስለሆነ መንገዱ መሃል ላይ የተቆለለው ጠጠር ሆዱን ይፈቀፍቀዋል። እነዚያ ከኋላ ወደ ፊት የሚሄዱ የውሃ ቱቦዎች እዚያው ናቸው። የሆዱ ፕላስቲክ መሸፈኛ ወልቆ ጋራዥ ቀርቶ ከሆነ አስመልስ። የገጠር መንገድ ካለብህ ግን ምክሬ ያንን መኪና ደብረ ብርሃን አቁመህ በሌላ እንድትሄድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚከላከልልህ ርቀትህ ነው። የጠጠር ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። መንገድ ላይ የነጠረ አንድ ጠጠር በ100 ስትነዳ ከሚመታህ ጉልበት በ60 ስትነዳ የሚደርስብህ ከአንድ ሦስተኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከከባድ መኪና ኋላ ስትሆን እሱ አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምር፤ አንተ እዚያ ምሰሶ ጋ ከአራት ሰከንድ በፊት ከደረስክ ቀርበሃል ማለት ነው። በ80 ስትነዳ አራት ሰከንድ ወደ 90 ሜትር ይሆናል። አስፋልቱ በተላጠበት ወይም ጠጠር በተበተነበት ቦታ ከዚያም ራቅ። የደጋው ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ሲፈጭም ስለታም ጠርዝ ያወጣል። አይሱዙም ጭድ ጭኖ ከፊትህ ካለ እንዲርቅ ተወው፣ ወይም አመቺ ቦታ ስታገኝ ቅደመው። ኋላው መቆየት ብቻ ነው የማይበጀው።

አሁን የተበሳውን ኮንደንሰር በተመለከተ። በኢፖክሲ ልድፈንልህ የሚልህን አትስማ። የኤሲ ጋዝ እዚያ ጋ ከ10 ባር በላይ ግፊት አለው፣ ኢፖክሲ አይችለውም። ቀዳዳው ጎልቶ የሚታይ ከሆነና አሉሚኒየም በአርገን የሚበይድ ጥሩ ባለሙያ ካገኘህ ብየዳ ይሞከራል፣ ዋስትና ግን የለውም። ትክክለኛው መፍትሔ መቀየር ነው። ስትቀይር ድራየሩንም (ከኤሲው ጋዝ እርጥበት የሚጠጣውን ዕቃ) አብረህ ቀይር፤ አንድ ወር ሙሉ ክፍት ሆኖ ስለቆየ እርጥበት ጠጥቷል። ጋዝ ከመሙላታቸው በፊት በቫኪውም ማሽን አየሩንና እርጥበቱን እንዲያወጡልህ ጠይቅ። «ዝም ብለን ጋዝ እንጨምር» ካሉህ ሌላ ጋራዥ ፈልግ። ራዲያተር ቀዳዳ ይደፍናል እየተባለ የሚሸጠውን ፈሳሽም አትጨምር። የተበሳው ራዲያተሩ ስላልሆነ አይጠቅምህም፣ ጠባብ የውሃ መንገዶችን ግን ይደፍናል።

ፓራውልቱ ለኮንደንሰሩ መፈታቱ ስለማይቀር ወንፊቱን በዚያው ቀን አስገጥም። ኮንደንሰሩ ሲነሳ የራዲያተሩ ፊት ይገለጣል። ምርጊቱን በእጅና በለስላሳ ብሩሽ አንሱት፣ ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ውሃ አፍስሱበት። የላቫጆ ብርቱ ውሃ በቅርብ አታስነካው፣ ቅጠሎቹን አጣጥፎ አየሩን ይዘጋል። ይህን ጽዳት በዓመት ሁለት ጊዜ አድርገው፤ አንዱ ውቂያው ካለቀ በኋላ በጥር መጨረሻ፣ ሌላው ክረምት ሊገባ ሲል በግንቦት። ሁለት ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለቆመ በእጅህ ያለውን መኪና በጽዳት ማቆየት ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አለው።

ጥንቃቄ አትርሳ። ሞተሩ ትኩስ እያለ የኩላንቱን ክዳን አትክፈት። ቬንትሌተሩ ሳይታሰብ ሊነሳ ስለሚችል እጅህን ከማስገባትህ በፊት ቁልፉን ንቀል፣ ባትሪውንም ንቀል። ኩላንት ከተፈታ ደግሞ ሲሞላ አየሩ በደንብ መውጣት አለበት፤ በዚህ መኪና ረጃጅም ቱቦዎች ውስጥ አየር ከቀረ ራዲያተሩ ንጹሕ ሆኖም ይሞቅብሃል። ተራ ውሃም አይሁን። ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ አድርግ፤ ለደብረ ብርሃን ውርጭም ለሸዋ ሮቢት ሙቀትም ይበቃል።

በእኔ በኩል ውሳኔው ግልጽ ነው፦ ላሜራም የትንኝ ወንፊትም ይቅር፤ 6 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ ወንፊት፣ የሚወልቅ ሆኖ፣ ፓራውልቱ አፍ ላይ። ከዚያ በኋላም አንዳንድ ጠጠር ሾልኮ ኮንደንሰር ሊበሳብህ ይችላል። ኮንደንሰር ከዱባይ በሻንጣ ይመጣል። አየር አጥቶ የተቃጠለ ሞተር ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም።

ሥራው ሲያልቅ ደብረ ብርሃን ላይ እንዳለህ ሞተሩን አስነሳና ኤሲውን ክፈት። ሁለቱ ቬንትሌተሮች፣ ግራውም ቀኙም፣ መዞራቸውን በጆሮህ አረጋግጥ። በዚህ መኪና ላይ ቬንትሌተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት የሚያዞረው ሬዚስተር ብዙ ጊዜ ይቃጠላል፣ ሰውም ዳገት ላይ እስኪፈላ ድረስ አያውቀውም። ሁለቱም ከዞሩ ወደ ሸዋ ሮቢት ውረድ። ስትመለስ ደብረ ሲና ቁምና የሙቀት መለኪያውን መርፌ የት እንዳለች ያዛት። ዋሻው ጋ ስትደርስ ከነበረችበት ብዙ ካልተነሳች ወንፊትህ ይተነፍሳል። ከተነሳች ግን ዳር ያዝ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ውረድና እጅህን ወደ ውስጥ ሳታስገባ ወንፊቱን ከውጭ ንቀል፤ ቀሪውን መንገድ ያለሱ ጨርስ፣ ከዚያ ቀዳዳውን ወደ 8 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገህ እንደገና ሞክር።